ያልሸተቱት አሥራ አንድ ቁራጮች

በፕላስቲክ መፍጫው ግቢ ሠራተኛው ሁሉ «አፍንጮ» ይላታል። ስድብ እንዳይመስላችሁ፣ ማዕረግ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁራጩን በክብሪት ትለኩስና እፍ ብላ ታጠፋዋለች፤ ጭሱን ሳብ አድርጋ «ጀሪካን» ወይም «ወንበር» ትላለች። አለች፣ አለቀ! የጀሪካን ዘር ሲጠፋ ሻማ ሻማ ይላል፣ የወንበር ዘር ደግሞ የተቃጠለ ዘይት። ሁለቱም ውሃ ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ቀለማቸውም አይለያቸውም፤ ተቀላቅለው ከቀለጡ ግን የሚሠራው ዕቃ ሳምንት ሳይሞላው ይሰነጠቃል። የግቢው ሰው ጉሮሮ እንግዲህ በዚህች ሴት አፍንጫ ላይ ነበር።

አሁን ጉዱን ልንገራችሁ። አፍንጮ ማሽተት ካቆመች ሁለት ዓመቷ ነው። ባሏን ቀብራ የተመለሰች ዕለት ሽንኩርት ከተፈች፤ ዓይኗ አነባ፣ አፍንጫዋ ግን ወይ ፍንክች። ለባሏ አላለቀሰችም፣ አልመጣላትም። ጉንፋን ነው ብላ ብትጠብቅ ጉንፋኑ ከረመ። ቢታወቅ ሥራውም ስሙም ሊሄድ ነው፤ ሆድ ይፍጀው አለችና ዝም። ክብሪቱን ለወጉ እየጫረች በጥፍሯ ትቧጥጣለች፣ ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ ድምፁን ትሰማለች። ድምፁ የሚታፈነው ጀሪካን፣ የሚጮኸው ወንበር። እዚያው ግቢ ማጠቢያ ገንዳ ላይ የምትሠራው ልጇ እንኳ አታውቅም። ከአባትየው ቀብር ወዲህ እናትና ልጅ ከ«ደህና አደርሽ» የዘለለ ቃል የላቸውም።

ማሽኑ የመጣው በዚህ መሀል ነው። ማስ ስፔክትሮሜትር ይባላል፤ ሠራተኛው አፉ አልገራለት ብሎ «ሚዛኑ» አለው። ይዛው የመጣችው ኬሚስት ገንዳው አጠገብ አስተከለችውና፣ «ቁራጯን አሙቆ ይበታትናታል፤ በዓይን የማይታየውን ስብርባሪዋን ደግሞ በክብደቱ ይለየዋል። እያንዳንዱ የፕላስቲክ ዘር የራሱ መስመር አለው» ብላ አስረዳች። መጀመሪያ ግን የግቢውን ፕላስቲክ ማን ማን እንደሆነ መማር አለበት። አስተማሪ ማን ይሁን? አፍንጮ ነቻ! ስድሳ ቁራጭ አጭሳ ለስድሳውም ስም ሰጠች።

በሦስተኛው ቀን ኬሚስቷ ወረቀቶቿን ይዛ መጣች። «እትዬ፣ ወንበር ነው ካሉኝ ውስጥ አሥራ አንዱ የጀሪካን መስመር ነው ያወጡት።»

አጠገባቸው የቆመው የግቢው ሥራ አስኪያጅ ሳቀ። «ሃያ ሁለት ዓመት ያልተሳሳተች ሴት በቆርቆሮ ልትታረም? በይ ዕቃሽን ጠቅልይ። ለላኩሽም አንቺም ማሽንሽም አትረቡም ብዬ እጽፍላቸዋለሁ።»

የኬሚስቷ ፊት ዐመድ መሰለ።

አፍንጮ አሥራ አንዱን ቁራጮች ደህና አድርጋ አየቻቸው። ፀሐይ ላይ የከረመ ጀሪካን ይደርቅና እንደ ወንበር ይጮሃል፤ ለወትሮው ጥቂት ስለሚመጣ ሳይነቃባት ቆይቷል፤ በደህናው ዘመን አንድ እፍ ትበቃት ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። ትፈራ እንደሆነ ራሷን ጠበቀች፤ ፍርሃቱም አልመጣም። ሰዓት እንደተጠየቀ ሰው፣

«ማሽኑ ልክ ነው» አለች። «እኔ አይሸተኝም።»

«ምን ማለት ነው አይሸተኝም?»

«ባሌ ከሞተ ጀምሮ። ጭሱም፣ ምኑም አይሸተኝም።»

ገንዳው ላይ የልጅቱ ብሩሽ ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ግን ቱግ አለ። «ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ ታሞኚናለሽ?» ኬሚስቷ «አርባ ዘጠኙን እኮ በጥፍርና በጆሮ ብቻ ነው ያገኙት!» ብትል ማን ሰምቷት። አፍንጮ ከማግስቱ ጀምሮ ወደ ማጠቢያ ወረደች፤ ስሙም እዚያው ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

ጠዋት ገንዳው ጋ ስትደርስ ልጇ ቀና ሳትል ፈቀቅ አለችላት። ብዙ ጀሪካን አጠቡ።

«የአባዬን ኮት ያጠብሽው ለዚህ ነው?» አለች ልጅቱ በመጨረሻ። በቀብሩ ሰሞን ያን ኮት ታቅፋው ልትተኛ ስትፈልገው ገመድ ላይ ተሰጥቶ፣ ሳሙና ሳሙና ሲል ነበር ያገኘችው።

«አሸተትኩት። አንገትጌውንም ብብቱንም። የማንም ኮት ሆነብኝ። ቢታጠብ ሳሙናው እንኳ ይሸተኝ እንደሁ ብዬ ነው።»

«ሸተተሽ?»

«አልሸተተኝም።»

ልጅቱ እርጥብ እጇን በሽርጧ ጠረገች። «እኔ እኮ ቶሎ ልትረሺው የፈለግሽ መስሎኝ ነው እማ። ሁለት ዓመት ሙሉ...» ብሩሿን አንስታ ትንሽ ፈተገች፣ እንደገና አስቀመጠችው። «ናፍጣ ነበር የሚሸተው። እጅጌው ናፍጣ፣ አንገትጌው ጋ ደግሞ የመላጫ ሳሙና።»

እናትየው ጀሪካኑን ለቀቀችው።

«እስቲ ድገሚልኝ» አለች።