ረግጫት የማላውቃት ደሴት

ባለፈው ሳምንት መሥሪያ ቤት አንዲት ባልደረባዬ ወንበሯን ጎትታ አጠገቤ ተቀመጠችና ለጫጉላ ሽርሽር ወደ አንዲት ትንሽ የካሪቢያን ደሴት እንደምትሄድ ነገረችኝ። "አንቺ በደንብ ታውቂያታለሽ አሉ፤ ምን ልወቅ?" አለችኝ። እኔም አፌን ከፈትኩ። መኪና እንደዚህ እንደ ደቡብ አፍሪካ በግራ ነው የሚነዳው አልኳት። ዶላር ይቀበላሉ፣ መልሱን ግን በራሳቸው ገንዘብ ነው የሚሰጡሽ። የመመለሻ ትኬት ካላሳየሽ አያስገቡሽም። የወታደር መልክ ያለው ልብስ እንዳትይዢ፣ በሕግ ክልክል ነው። ከጁን እስከ ኖቬምበር አውሎ ነፋስ አለ። ከአየር ማረፊያው ታክሲ አትያዢ፣ ሚኒባሱ በረከሰ ዋጋ ያደርስሻል። ሁሉንም ስልኳ ላይ ጻፈችና "ለመሆኑ ስንት ጊዜ ሄደሻል?" አለችኝ። አንድም ጊዜ አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ሳቀች።

አልቀለድኩም። ያቺን ደሴት የማውቃት እንደ ፈተና አጥንቼያት ነው፤ ፈተናውንም ወድቄያለሁ።

ያኔ ሃያ ዓመቴ ነበር፣ ኮሮና ከመጣ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። ጆሃንስበርግ፣ ዮቪል የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቅ ላይ ሦስተኛው ወለል ነበር የምንኖረው። አባቴ ማለዳ በሚኒባስ ከከተማው ወጣ ብሎ ቴምቢሳ ወዳለው ሱቁ ይሄዳል፤ እኔ የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴን ከቤት እማራለሁ፣ መብራት ሲኖር ማለቴ ነው። ታላቅ እህቴ ሀያት እዚያች ደሴት ላይ ሕክምና ታጠና ነበር። ባሏ ሙባረክም እዚያው አብሯት የሚማር ነው፤ ልቡ ወርቅ፣ ሻይ ማፍላት እንኳ የማያውቅ። በዚያ ኖቬምበር ሀያት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ቀኗ ደርሶ ነበር።

በእኛ ዘንድ ሴት ልጅ የመጀመሪያዋን ስትወልድ የምታርሳት እናቷ ናት። እናቷ በሕይወት እያለች ሌላ ሰው ካረሳት፣ እናት የሌላት ያስመስላታል። እናቴ ሩቅያ ይህን ነገር በቀን አሥር ጊዜ ትለዋለች። ጆሃንስበርግ ሃያ ዓመት ስትኖር ከሱቅና ከቤት በቀር የትም ያልሄደች ሴት፣ "ባሕር መሀል ብትሆንም እሄዳለሁ" አለች። ወረቀቱን የማሟላት ሥራ እኔ ላይ ወደቀ፤ እንግሊዝኛው ያለኝ እኔ ነኝ ተባለ።

የደሴቲቱን የጉዞ ድረ ገጽ ስከፍት መጀመሪያ የሚመጣው ነጭ አሸዋና የኮኮናት ዛፍ ነው። ከዛፉ ሥር ግን ሕጉ ይጀምራል። የኮሮና ምርመራው ሰባ ሁለት ሰዓት ያላለፈው ይሁን ይላል። ሰባ ሁለቱ ሰዓት የሚቆጠረው ከዚህ ስትነሳ ነው ወይስ እዚያ ስትደርስ? መንገዱ ብቻ ሁለት ቀን ይፈጃል። ዛሬ "ከመነሳት በፊት" ብሎኝ ነገ ስከፍተው "ከመድረስ በፊት" ይለኛል። የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልጋል፣ ደግሞ አያስፈልግም። ከደቡብ አፍሪካ የሚመጣ ሰው አይገባም፤ እዚያ የሚማር ልጅ ያለው ወላጅ ግን አስቀድሞ የፈቃድ ደብዳቤ ካገኘ ይገባል። ማንበቤ እየበዛ ሲሄድ የማውቀው እያነሰ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በነጎድጓድ ይወርዳል፣ መንገዱ ላይ የረገፈው የጃካራንዳ አበባ እንደ ጭቃ ይሆናል፣ እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ።

እናቴ ደግሞ ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር።

"ቅቤ ያስገባሉ?"

"እማ፣ ሥጋና የወተት ውጤት ክልክል ነው ይላል።"

"ቅቤ መድኃኒት ነው እንጂ ምን የወተት ውጤት ነው? አራስ ያለ ቅቤ ምን በልታ ትጠንክር? በደንብ አንብቢው።"

ሦስት ጊዜ አነበብኩላት። አልተዋጠላትም፤ ቅቤዋን አንጥራ በጠርሙስ አድርጋ፣ በፎጣ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችው።

የፈቃዱን ቅጽ የሞላሁት መብራት ሊጠፋ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ነው። የተጓዥ ስም፣ የቤተሰብ ስም ይላል። እኔ እዚህ ነው የተወለድኩት። ትምህርት ቤት ውስጥ የጓደኞቼ እናት፣ አባትና ልጆች ሁሉ በአንድ የቤተሰብ ስም ነበር የሚጠሩት፤ መምህራኖቼም እናቴን "ሚስስ ከድር" ነበር የሚሏት፣ እሷም አቤት ትላለች። ሀያት ከድር፣ እኔ ነኢማ ከድር። እናቴ ሩቅያ ሸምሱ ብዬ ብጽፍ የሀያት እናት መሆኗን ማን ያምናል? ሌላ ሴት ነች ብለው ቢከለክሏትስ? በሚገባ አሰብኩበት፣ ይኸው ነው የሚያናድደኝ። "ሩቅያ ከድር" ብዬ ጻፍኩና ላክሁት። መብራቱም ጠፋ። በአራተኛው ቀን ደብዳቤው መጣ፤ ተፈቅዶላታል። እናቴ እጄን ይዛ ሳመችው።

አየር ማረፊያው ጭር ብሏል። ትኬት የምታየው ልጅ፣ ጭንብሏን እያስተካከለች እናቴን በዙሉ ቋንቋ ሰላም አለቻት። እናቴም ከሱቅ በለመደችው ዙሉ መለሰችላት፤ ተሳሳቁ። ከዚያ ልጅቷ ደብዳቤውን አየች፣ ፓስፖርቱን አየች፣ እንደገና ደብዳቤውን አየች።

"ማማ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም" አለቻት።

 በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም እንደማትወስድ፣ ሸምሱ የእናቴ አባት እንደሆነ፣ ከድር ደግሞ የእኛ አባት እንደሆነ እየተንተባተብኩ አስረዳኋት። ልጅቷ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "እኔ አምንሻለሁ። እዚያ ስትደርስ ግን ይመልሷታል" አለችኝ። ወደ ደሴቲቱ ደወልን። እዚያ ገና አልነጋም ነበር፤ ስልኩ ጮኾ ጮኾ ዝም አለ። ተራው የደረሰ ሰው ሻንጣውን እየገፋ አለፈን። እናቴ ደብዳቤውን አሥር ጊዜ እንዳላየችው ሁሉ ፊቷ ላይ አስጠግታ ተመለከተችውና "የአባቴን ስም የት አደረግሽው?" አለችኝ። አልተቆጣችም። የምር ግራ ገብቷት ነበር።

ማታ አባቴ "ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ" ብሎ አንድ ጊዜ ተናገረኝ፣ ልቅሶዬን ሲያይ ተወኝ። አዲስ ቅጽ በትክክለኛው ስም ላክን። መልሱ ሳይመጣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ አዲስ ዓይነት ቫይረስ ተገኘ ተባለ። በሁለት ቀን ውስጥ አገሩ ሁሉ በሩን ዘጋብን፤ ያቺም ደሴት ወላጅ ቢሆን፣ ደብዳቤ ቢኖረው፣ ከዚህ የሚነሳ ሰው አይገባም አለች። እናቴ ሻንጣዋን አልፈታችም፤ ሳምንት ሙሉ በር ሥር ቆመ።

ሀያት ሴት ልጅ ወለደች። እናቴ ስልኩን ውሃ መያዣው ላይ አስደግፋ ሙባረክን በቪዲዮ ገንፎ አስተማረችው። "አማስለው፣ አታቁም፣ አላህ ክንድ የሰጠህ ለዚህ ነው" ትለዋለች። የበቆሎ ዱቄት ነበር ያገኘው፤ ሦስት ጊዜ ጓጎለበት። ከኋላው አልጋ ላይ ያለችው እህቴ ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ወደ ልቅሶ ተለወጠ።

"እማ፣ ትኬት ተቆርጦልሽ ነበር እኮ። ከመዘጋቱ በፊት ለምን አልመጣሽም?"

እኔ ሶፋው ላይ ነበርኩ። አሁን ትነግራታለች ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ፈራሁ" አለች እናቴ። "ሦስት አውሮፕላን ነው ሲሉኝ ልቤ እምቢ አለኝ። ከአየር ማረፊያ ተመለስኩ፣ ልጄ።"

 ስልኩ ሲዘጋ እናቴን ለምን ዋሸሽ አልኳት። ጠርሙሱን ከፎጣው እየፈታች፣ "አራስ ናት፣ ሆዷ ባዶ ነው። በእህቷ ከምትቀየም በእኔ ትቀየም፤ በእናት ላይ ቂም አይቆይም" አለችኝና ቅቤውን ወደ ማቀዝቀዣው መለሰችው።

ከዚያ በኋላ ሀያት በመጣች ቁጥር "ፈሪዋ እናቴ" እያለች ታሾፍባታለች። አውሮፕላን ከላያችን ሲያልፍ "እማ፣ አልጋ ሥር ግቢ" ትላለች። እናቴ ከሁላችን አብልጣ ትስቃለች። እኔ ስንት ጊዜ ልናገር ተነስቼ ተቀምጫለሁ።

ባልደረባዬ ያን ጥያቄ የጠየቀችኝ ዕለት ግን አላስቻለኝም። ቤት እንደገባሁ ለሀያት ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ቅጹን፣ ስሙን፣ የእናቴን ውሸት። 

"ነኢማ፣ ደብዳቤውን መጀመሪያ የላኩት ለእኔ እኮ ነው። ወደ አንቺ ያስተላለፍኩት እኔ ነኝ። ሩቅያ ከድር የሚለውን አንብቤ፣ አልሐምዱሊላህ ብዬ ላክሁልሽ። የእናቴ ስም እንዳልሆነ አልታየኝም። የገባኝ ከወለድኩ በኋላ ደብዳቤውን ደግሜ ሳየው ነው።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"እማ የእኔን ጥፋት ለመሸፈን የምትዋሽ መስሎኝ ነዋ። ያመንኳት እንዲመስላት ነው ፈሪ እያልኩ የማሾፍባት።"

ሁለታችንም አለቀስን። እናቴ መስጊድ ውላ ስትገባ ስልኩ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር። ማን እንደሆነች ጠየቀችኝ፣ ሀያት ናት አልኳት፣ ምን ሆናችሁ አለችኝ። እንዲሁ ነው አልኳት። ፊቴን ትንሽ ተመልክታ "ታጠቢና ነይ፣ እራት እንብላ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ማናችን ማንን ስንጠብቅ እንደኖርን፣ እሷስ ይህን ሁሉ ከመጀመሪያው ታውቀው እንደነበር፣ እስካሁን ግራ እንደገባኝ ነው። መጠየቅ እችላለሁ። እፈራለሁ።