በርሜሎቹ አጠገብ የቆመው መኪና

የእሳት አደጋ መኪና እየነዳ «ቀስበል» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ሰው ከእሱ ሌላ ይኖራል ብዬ አላስብም። ስሙን ያወጡለት የጣቢያው ልጆች ናቸው። ሳይረኑ እየጮኸ፣ የሁሉም ልብ ተሰቅሎ፣ እሱ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ፍሬን ይረግጥና ግራ ቀኙን ያያል። ሲስቁበት «እሳት ልናጠፋ ሄደን ሰው ገድለን ብንመለስ ምን እንባላለን?» ይላቸዋል።

ፍርሃት መሆኑን ግን ለማንም ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። በሥራ ዘመኑ ከከባድ መኪና ስር ብስክሌተኛ ሲወጣ ክሪኩን የያዘው እሱ ነበር፤ ያውም ከአንዴም ሁለቴ። ከዚያ ወዲህ መሪ በጨበጠ ቁጥር ዓይኑ ከቀኙ ስፖኪዮ አይነቀልም። ይባስ ብሎ አንዲት ልጁ ሥራ የምትሄደው በብስክሌት ነው። የሆስፒታል ላቦራቶሪ ሠራተኛ ናት፤ መንገዷ በገበያው በኩል፣ ጭነት መኪናና ታክሲ በሚጋፉበት ነው። ጠዋት ወጥታ «ደረስኩ» ብላ እስክትደውል ድረስ ስልኩን ከእጁ አያስቀምጥም።

የከተማው ምክር ቤት በዚያ በገበያው መንገድ ላይ ለብስክሌት የተለየ መስመር ይሠራ አይሠራ እያለ ሲከራከር ከረመ። ብስክሌተኞቹ «እያለቅን ነው» አሉ። የእሳት አደጋ አዛዡ በበኩሉ «መንገዱ ከጠበበ መኪናችን አያልፍም። ያኔ ቤት ውስጥ ላለው ሰው ማን ይድረስለት?» አለ። አባላቱ ሁለቱንም ሲሰሙ እውነት እየመሰላቸው መወሰን አቃታቸው። በመጨረሻ ሰብሳቢዋ፣ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ «ከምንጨቃጨቅ እንሞክረው» አሉ። መስመሩ በፕላስቲክ በርሜሎች ይከለል፤ ባንድ ወገን መኪኖች ይቁሙ፤ በመስመሩ ብስክሌተኞች ይሂዱ፤ ትልቁ የእሳት አደጋ መኪና ደግሞ በሥራ ፍጥነቱ ይለፍ። ምክር ቤቱም ቆሞ ይይ።

አዛዡ የመረጠው ቀስበልን ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ ያላለፉበትን ማንም አያልፍበትም» አለው።

በሙከራው ዋዜማ ራት ላይ ልጁ «አባዬ፣ ነገ እኔም አለሁ» አለችው። «ፈቃደኛ ብስክሌተኛ ሲጠይቁ ተመዘገብኩ።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ሌላ ሰው ጠፍቶ ነው?»

«የራሴ መንገድ ነው እኮ። ደግሞስ የምትነዳው አንተ አይደለህ? ካንተ በላይ የማምነው ሾፌር አለ?»

እናትየው ሳቀች። እሱን ይበልጥ ያስፈራው ግን ይኸው ማመኗ ነበር። «አትሂጂ» ሊላት ፈልጎ ማንኪያውን መልሶ አነሳ።

በማግስቱ ባለሱቆቹ በየበራቸው ቆሙ፤ የምክር ቤቱ አባላት የእግረኛው መንገድ ላይ ጥላ ፈልገው ተሰለፉ። ቀስበል መኪናው ላይ ወጣ። የቀኙን ስፖኪዮ ሁለቴ ሦስቴ አስተካከለ። ከጎኑ የተቀመጠው የቡድን መሪው ሳይረኑን ለቀቀ፤ ሄዱ።

በግራ የቆሙት መኪኖች ስፖኪዮ ሊነካካው ደረሰ። በቀኝ በርሜሎቹ ባንድ መስመር ያልፋሉ። የልጁ ሰማያዊ ሄልሜት ከፊት ታየው፤ ቀረበ፤ ከመስኮቱ ትይዩ ሆነ፤ ከዚያ ወደ ታች ሰመጠ። ስፖኪዮውን አየ፤ በርሜል ብቻ ነው። ደግሞ አየ፤ የለችም።  እግሩ ፍሬኑን ጨፍልቆ ረገጠው፤ ያ ሁሉ ውሃ የጫነ መኪና አቃስቶ ቆመ።

«ምነው ጋሼ?» አለ የቡድን መሪው።

«የለችም። አላያትም።»

የቡድን መሪው በመስኮት አጎንብሶ አየና «ኧረ እቺው ናት፤ ከበርሜሉ ወዲያ አንድ እግሯን መሬት አድርጋ ቆማለች» አለው።

አዛዡ ውጭ ወደ ምክር ቤቱ ሰዎች ዞሮ «ይኸው፣ አላለፈም» አለ። አንዳንዶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀስበልን የጠየቀው የለም። ዝም ቢል ነገሩ በዚያው ያልቃል፤ ያልቅና በርሜሎቹ ይነሳሉ፤ ልጁ ግን በማግስቱ እዚያው ጭነት መኪናዎቹ መሃል ትገባለች። ይህን ሲያስበው ከሃፍረቱ ፍርሃቱ በለጠበት። ወርዶ ሰብሳቢዋ ፊት ቆመ።

«ቦታው አልጠበበኝም» አለ። «ፈርቼ ነው የቆምኩት።»

«ጋሼ፣ ደክሞዎት ነው፤ ይተዉት» አለ አዛዡ።

«አልደከመኝም። ልጄ ከስር ጠፋችብኝ። በርሜሉ መሃል ባይኖር ከጎማው የሚከልላት ነገር አልነበረም።»

ከአባላቱ አንዱ ሲስቅ ሰብሳቢዋ ገላመጡት። «ድገሙት ብንልዎትስ?» አሉ።

«እኔ አልችልም። ሌላ ይንዳው።»

የቡድን መሪው ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ቀስበል የአንዱን ሱቅ መዝጊያ ተደግፎ ዓይኑን ጨፈነ። ሳይረኑ መጣ፣ አለፈ፣ ራቀ። ዓይኑን ሲገልጥ መኪናው መንገዱ ጫፍ ደርሷል። መንገዱ በሚጠብበት አጠገብ አንድ በርሜል ተነክቶ እየተንከባለለ ነበር።

ልጁ ብስክሌቷን እየገፋች አብራው ወደ ቤት ሄደች። ብዙ ከተጓዙ በኋላ «እንደምትፈራ ለምን አልነገርከኝም?» አለችው።

«ምን ብዬ?»

«እኔም እኮ እፈራለሁ፤ በየቀኑ። ከኋላዬ ከባድ መኪና ሲያጓራ ወደ ዳር ወጥቼ አሳልፈዋለሁ።»

 ብስክሌቷን ተቀብሏት መግፋት ጀመረ።

ምክር ቤቱ በጥቂት ድምፅ ልዩነት መስመሩ እንዲሠራ ወሰነ፤ መንገዱ በሚጠብበት በኩል ግን መኪና ማቆም ተከለከለ። ባለሱቆቹ አጉረመረሙ። አዛዡ ለተወሰነ ጊዜ ቀስበልን አኮረፈው፤ በኋላ ራሱ ከቀኙ በር በላይ ቁልቁል የምታሳይ ትንሽ መስታወት አስገጠመለት።

መስመሩ ከተከፈተ በኋላ የመጀመሪያው ጥሪ የመጣው ከገበያው ጀርባ ካለ መጋዘን ነው። የነዳው ቀስበል ነበር። ብስክሌተኞቹ በመስመራቸው ዳር ይዘው ሲቆሙለት፣ እያንዳንዳቸውን በአዲሱ መስታወት እየተከተለ አለፈ። እሳቱ ሳይስፋፋ ጠፋ። ጣቢያ ሲመለሱ ሌሎቹ ወርደው ቱቦ መጠቅለል ጀመሩ። እሱ ግን የመኪናውን በር እንደዘጋ፣ ፍርሃቱ እስኪለቀው ድረስ እዚያው ተቀመጠ።