አባ አገኘሁና የትሪሱ ተርቦች

አባ አገኘሁ ጎንደር ሳሉ አሥራ አንድ ቀፎ ንብ ነበራቸው። ባዶ እጃቸውን ከትተው ማር ሲቆርጡ አንዲት ንብ አትነድፋቸውም ነበር። በሱዳን በኩል ወደ ቅድስት አገር መጥተው፣ ሳፒር በተባለው የፋብሪካዎች ሰፈር በሚገኝ ፋብሪካ ሃያ ስምንት ዓመት ካርቶን ሲያሽጉ ኖረው ጡረታ ከወጡም በኋላ ሥራቸውን ለሚጠይቃቸው "ንብ አርቢ ነኝ" ይላሉ። የናታንያው ቤታቸው ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ቀፎ የሚሰቀልበት ቦታ የለውም።

በነሐሴ መጨረሻ ተርብ ገባባቸው። ጎጇቸው ከመስኮቱ በላይ፣ ትሪስ የሚሉት ተጠቅላይ የመስኮት መዝጊያ በሚጠቀለልበት ሳጥን ውስጥ ነበር። በውጭ በኩል ጣት በማታስገባ ስንጥቅ ይመላለሳሉ፤ ጠረጴዛ ላይ የተላጠ በለስ ወይም ዓሣ ሲሸታቸው ደግሞ በተከፈተው መስኮት ይመጣሉ።

አባ አገኘሁን ያስጨነቃቸው ግን የኦፍሪ ነገር ነበር። የስድስት ዓመቷን የልጅ ልጃቸውን አምና ተርብ ነድፏት ፊቷ አብጦ ሆስፒታል አድራለች። እናቷ ሽሎሚት ከሚኖሩበት ሰፈር ከራማት ፖሌግ ደወለች።

"አባዬ፣ ተርብ ካለ ለሰንበት አናመጣትም።"

"ሰንበት ሳይገባ አንድም አይቀርም" አሏት።

ማክሰኞ ጠዋት ከሕንፃው አትክልት ሥር አፈር ቆፈሩ፣ ከሣር ጋር አቦኩት፣ በረንዳው ላይ ወንበር አቁመው ስንጥቋን መረጓት። አገር ቤት ቀፎ ከቦታ ወደ ቦታ ሲወሰድ አፉ እንዲህ ይመረጋል፤ ንብ ሲጨልምባት ዝም ትላለች።

ተርቦቹ ግን ዝም አላሉም። ረቡዕ ሲነጋ ትሪሱን የሚያወጣውና የሚያወርደው ጠፍር ወደ ቤት በሚያልፍበት ቀዳዳ እየሾለኩ ሳሎኑን ሞሉት። ባለቤታቸው እማማ ፈንታነሽ ነጠላቸውን ተከናንበው ከወጥ ቤት በር ጀርባ ጮኹ።

"አንተ ሰውዬ! ትናንት እንግዳ ነበሩ፣ ዛሬ ቤተኛ አደረግካቸው!"

"ፈንቴ፣ መብራቱን አጥፊ። ወደ ብርሃን ይሄዳሉ።"

መስኮቱን በሰፊው ከፈቱላቸው፤ ወጡ። አባ አገኘሁ ምርጋቸውን ቆመው አዩት። ከዚያ በራሳቸው እጅ ስልክ አነሱ።

አቪራም ከጎረቤቷ ከተማ ከኤቨን የሁዳ መጣ። ከአገር ቤት ከመጡ ወላጆች እዚሁ የተወለደ፣ ተባይ በማጥፋት የሚተዳደር ወጣት ነው። ምርጉን ሲያይ ሳቁን ዋጠ።

"አባ፣ ቆንጆ ሥራ ነው። ለንብ።"

"ስድብ ነው ምርቃት?"

"ሁለቱም! ሰው ሁሉ ይደፍነዋል፣ ቤሴደር፣ እሺ ይሁን፤ በጭቃ ግን የመጀመሪያዬ ነው። አንዱን በር ሲዘጉባቸው ሌላ ይፈልጋሉ፤ የቀራቸው ደግሞ የእርስዎ ሳሎን ነው። መጀመሪያ ይሞታሉ፣ ኋላ ይደፈናል።"

የጠፍሩን ቀዳዳ ከውስጥ በፕላስተር አሸገ፣ ምርጉን አነሳ። ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሁሉም ሲገቡ፣ በስንጥቋ የዱቄት መድኃኒት ነፋ።

"አንዲት እንኳ በሕይወት ካለች ስንጥቋን እንዳይደፍኗት። ችግሩ፣ ከውጭ አይታወቅም።"

አባ አገኘሁ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። "እሱን ለእኔ ተወው።"

ሐሙስ ጆሯቸውን ሳጥኑ ላይ ለጠፉ። "አራት ናቸው።"

"ስማቸውንም ጠይቃቸው" አሉ እማማ ፈንታነሽ።

ዓርብ ጠዋት አንዲት ቀርታ ነበር፤ ድምፅዋ ደክሟል። ሽሎሚት ሁለት ጊዜ ደወለች።

"ለአንዲት ተርብ ብለን ልጅቷን ልናስቀር ነው? ድፈነው በቃ!" አለች።

አባ አገኘሁ አልነኩትም። ወንበራቸው ላይ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ከቀትር በኋላ እንደገና ጆሯቸውን ለጠፉ፤ ረጅም ጊዜ ቆዩ። ከዚያ አቪራም በተወላቸው ሲሊኮን ስንጥቋን ደፈኑና ለሽሎሚት ደወሉ።

ኦፍሪ ሰንበት ሊገባ ትንሽ ሲቀረው መጣች። በሩ ላይ ቆማ ጣሪያውን አየችና አያቷን በዕብራይስጥ ጠራች።

"ሳባ፣ የሉም?"

አያቷ አቅፈው ወንበሩ ላይ አቆሟት። ትንፋሿን ይዛ ጆሮዋን ሳጥኑ ላይ አደረገች።

"ምን ይላል?" አሏት።

"ምንም" አለች። ከዚያ ወረደችና ጫማዋን አወለቀች።