የተንተባተበው እጅ

ምላሱ ጤፍ ይቆላል የሚባልለት ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። የዚችኛዋ ግን ጤፍ የሚቆላው እጇ ነው። መስማት ከተሳናቸው እናትና አባት ተወልዳ ከአፏ በፊት በእጇ የተናገረች ሴት ናት። የወላጆቿ ወዳጆች ገና በልጅነቷ ሁለት ጣት ጉንጭ ላይ መታ መታ የሚደረግበት የምልክት ስም አወጡላት፤ ትርጉሙ «ለፍላፊዋ» ነው። አሁን ፀጉሯ ሸብቶም በዚሁ ትጠራለች፤ ቅር ብሏት አያውቅም።

ያኔ የቤቱ አስተርጓሚ እሷ ነበረች። ሐኪሙን ለእናቷ፣ አከራዩን ለአባቷ ታስተረጉማለች። አንድ ቀን አስተማሪዋ እናቷን አስጠርታ «ልጅዎ አላስቀምጥ አላስቆም አለችኝ» ስትል፣ ለፍላፊዋ ፊቷን ኮስተር አድርጋ «ከክፍሉ አንደኛ ናት ትልሻለች» ብላ በእጇ አስተረጎመች። እናቷ ደስታዋን አልቻለችውም፤ አስተማሪዋን እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። እውነቱን ያወቀችው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የልጇን እጅ የምታነበው በጥርጣሬ ሆነ።

ለፍላፊዋ አድጋ በከተማው የስብሰባ አዳራሽ አስተርጓሚ ሆና ተቀጠረች። ተናጋሪው ሲናገር እሷ ከጎኑ ቆማ በምልክት ታስተረጉማለች፤ ካሜራ ሁለቱንም ይቀርጻል፤ ምስላቸው ከመድረኩ ኋላ በተሰቀለው ስክሪን ላይ ይወጣል። እናቷም ስብሰባ አያመልጣትም። ስለ ፍሳሽ ይሁን ስለ መንገድ መብራት ደንታ የላትም፤ የኋላ ወንበር ላይ መስማት ከተሳናቸው ጓደኞቿ ጋር ተቀምጣ ልጇን ከስክሪኑ ስታነብ ትውላለች።

ታዲያ አዳራሹ አዲስ ትልቅ ስክሪን ተገዛለት። ከቅጥነቱ የተነሳ «ሽቦ» የሚሉት የአዳራሹ ቴክኒሻን ስክሪኑን እንደ አራስ ልጅ ነበር የሚንከባከበው። «ጥራቱን አያችሁልኝ? የተናጋሪውን ሽበት አንድ በአንድ መቁጠር ይቻላል!» ይላል ላገኘው ሁሉ። እውነቱን ነው፣ ይቻል ነበር።

ጉድ የፈላው በመጀመሪያው ስብሰባ ነው። የውሃ ክፍሉ ኃላፊ «ውሃው በቅርቡ ይመጣል» አለ። ለፍላፊዋም እንደ ልማዷ ቀልጠፍ አድርጋ አስተረጎመች። የኋላ ወንበሮች በሳቅ ፈረሱ። ለካስ የምልክቱ መሐል ስክሪኑ ላይ ተውጦ «ውሃው በቅርቡ ይሄዳል» ሆኖ ደርሷቸዋል። ኃላፊው የደስታ ሳቅ መስሎት እጁን አውለበለበላቸው።

ማታ እራት ላይ እናቷ ማንኪያዋን አስቀምጣ «ዛሬ እጅሽ ተንተባተበ» አለቻት።

ለፍላፊዋ ክው አለች። ጠዋት ጠዋት የእጇን አንጓ ሲቆረጥማት ሰንብቷል፤ ለማንም አልተናገረችም። ሥራውስ ይሁን፣ ሌላ ይገኛል። እጇ ከደከመ ግን ከእናቷ ጋር በምን ልታወራ ነው? ፈራች፣ በጣም ፈራች። እጇን በሞቀ ውሃ ነከረች፣ አሸች፣ መስታወት ፊት ቆማ ተለማመደች። መስታወቱ ላይ ደህና ነበረች። በሁለተኛው ስብሰባ ግን እጇ ያው ተንተባተበ። ዝግ ስትል ደግሞ ተናጋሪው ጥሏት ሄደ።

ሰው ሲበተን ወደ ሽቦ ሄዳ «ሌላ አስተርጓሚ ይፈለግ። እኔ እጅ ሰጥቻለሁ» አለችው።

ሽቦ ሳይመልስላት እናቷ ከኋላ መጥታ ትከሻውን ነካ አደረገችውና በእጇ መናገር ጀመረች።

ለፍላፊዋ እየከፋት አስተረጎመች፦ «ሰውየው ውሃ ሲጠጣም ይንተባተባል ትላለች።»

«የቱ ሰውዬ?»

«የዛሬው ተናጋሪ። ብርጭቆው ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ ከዚያ አፉ ላይ ነው። መንገድ ላይ አላየሁትም ትላለች።»

ሽቦ ትንሽ አሰበ። ከዚያ የመሣሪያዎቹ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ምስሉን ወደ ስክሪኑ የሚወስደውን ገመድ ጫፍ አየና ግንባሩን መታ። «ወይ እኔ! ስክሪኑን ቀየርን እንጂ ገመዱን መቼ ቀየርን? ይሄ አሮጌ ነው። ይህን ያህል ጥርት ያለ ምስል በሰከንድ ስልሳ ጊዜ ተሸክሞ መሮጥ አይችልም፤ ሠላሳውን ያደርስና ሌላውን ይተወዋል። እጅሽ ምንም አልሆነም፣ እህት ዓለም። መንገድ ላይ እየቀረ ነው።»

«ቀይረዋ!»

«በግድግዳው ውስጥ ነው የሚያልፈው፤ አፍርሰን ካላወጣነው አይሆንም። እስከዚያ ያለው መላ ጥራቱን መቀነስ ነው። ሸክሙ ሲቀልለት ስልሳውንም ያደርሳል።» ፊቱ ጠቆረ። «ግን ሽበቱ አይቆጠርም።»

«መልኬ ይደብዝዝ፣ እጄ ይታይ!» አለች ለፍላፊዋ።

ሽቦ ልቡ እየደማ ቀነሰው። ለፍላፊዋ መድረኩ ላይ ወጥታ ካሜራው ፊት ቆመች። ስክሪኑ ላይ ሽፋሽፍቷ ጠፋ፤ የዓይኗ ዳር መጨማደድም አብሮ ጠፋ፣ በዚህ እንኳ አልተከፋችም። እናቷ ወደ ኋላ ወንበሯ ተመልሳ ተቀመጠች። ለፍላፊዋ ባላት ፍጥነት ሁሉ «ልጅሽ ከክፍሉ አንደኛ ናት!» አለቻት።

እናቷ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። «ቀጣፊ!» አለች ከሩቅ። ቀጥላ እጆቿን ቀስ አድርጋ አነሳች። «መልክሽ ጠፋ፤ ድምፅሽ ግን መጣ።»

እናቷ ስለ ልጇ ስትናገር «ድምፅ» የሚለውን ምልክት ተጠቅማ አታውቅም ነበር። የለፍላፊዋ እጆች አየር ላይ ቀሩ።

«ምን አለች?» አለ ሽቦ።

ለፍላፊዋ ያን ቀን አላስተረጎመችለትም።