የልብስ ሰፊዋ የሐሞት ጠጠር

ልብስ ሰፊዋን «ዓይንሽ ምነው ቢጫ ሆነ?» ያለቻት ቀሚስ ልትለካ የመጣች ደንበኛ ናት። እሷማ ሽንቷ ሲጠቁርና ገላዋን ሲያሳክካት የእርግዝና ጣጣ ነው ብላ ንቃው ነበር። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አስወርዷታልና፣ አምስት ወር የሞላውን ይህን ጽንስ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የምትጠብቀው።

በማግስቱ ትኩሳት ተጨመረበት። ሆስፒታል ሄዳ በአልትራሳውንድ ስትታይ፣ ከሐሞት ከረጢቷ የወጣ ጠጠር የሐሞት መተላለፊያው ቱቦ ውስጥ ተሰንቅሮ ተገኘ። ሐኪሟ ጠጉሯ ገብስማ የሆነ፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በአፍ አስገብተው ጠጠሩን እንደሚያወጡት ነገረቻት።

«ራጅ አለው?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ጥቂት አለው።»

ታላቅ እህቷ ከወንበሯ ብድግ አለች። «ልጅ በሆዷ ይዛ ራጅ? እስክትወልድ በመድኃኒት ማቆየት አይቻልም?»

«መድኃኒቱን ጀምረናል፣ እትዬ። ግን ቱቦው ካልተከፈተ ኢንፌክሽኑ ደሟ ውስጥ ይገባል፤ ያኔ እናትም ልጅም ያሰጉናል። ይሄም አደጋ የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ሊደማ፣ ቆሽቷም ሊቆጣ ይችላል። ከሁለቱ ግን ይሄ ይሻላል።»

«ራጁ ስንት ደቂቃ ይበራል?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ደቂቃ አይሞላም። በእግሬ ስረግጠው ይበራል፤ ሳነሳ ይጠፋል። ሆድሽንም ጨረር በማያሳልፍ የእርሳስ መከለያ እንጋርደዋለን።»

«እንደ ስፌት መኪናዬ ነዋ! እንግዲያው አደራ፣ ቶሎ ያንሱት።»

እህቷ ሳትወድ በግዷ ሳቀች። ልብስ ሰፊዋ ግን አልሳቀችም። ብዙ ዓመት የሠራ እግር ምን ያህል እንደሚታመን ታውቃለች፤ አንዳንዴ እንደሚሳሳትም ታውቃለች። ብዕሩን ተቀብላ የፈቃድ ቅጹ ላይ ፈረመች።

ነርሷ የጽንሱን የልብ ምት ካዳመጠች በኋላ ማደንዘዣ ሰጥተው በግራ ጎኗ አስተኟት። ስትነቃ ጉሮሮዋ ደርቋል።

«ልጄስ?»

ነርሷ መልስ በመስጠት ፈንታ መሣሪያውን ሆዷ ላይ አስደግፋ ድምፁን ከፍ አደረገችው። ፈጣን የልብ ምት ክፍሉን ሞላው። እህቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ጠጠሩ ቢወጣም ነገሩ በዚያው አላበቃም። ቆሽቷ ተቆጥቶ ሁለት ቀን ሆዷን ቀስፎ ያዛት፤ እህል ውኃም ተከለከለች። በሦስተኛው ቀን ለቀቃት። የዓይኗ ቢጫነት ግን ለመጥፋት ከሳምንት በላይ ፈጀ።

ወሯ ሲደርስ ሴት ልጅ ተገላገለች። እህቷ አራሷን ከመሳሟ በፊት ሕፃኗን ገላልጣ ከራስ ጠጉሯ እስከ እግር ጥፍሯ መረመረቻት። ምንም እንከን አላገኘችም።

«አንቺ ግን ያኔ ራጁን አልፈራሽም?»

«እንዴት አልፈራም? ጠጠሩን የበለጠ ፈራሁት እንጂ።»