ያልቀመስኩት ገበታ

ዛሬ ጠዋት ልጄ ሜሮን የሽንኩርት መክተፊያችንን ስታጥብ አገኘኋት። መክተፊያ እንበለው እንጂ የዋንዛ ገበታ ነው፤ በእጄ የሠራሁት፣ በዕድሜ ከሜሮን የሚበልጥ። በሳሙና ፈተገችው፣ በሎሚ አሸችው፣ በፎጣ አደረቀችው። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጣፋጭ ትደረድርበት ጀመር። እንጆሪ፣ ቸኮላት የተነከረ ተምር፣ ቀይ ክሬም የተቀባ ትንንሽ ኬክ፣ በልብ ቅርጽ የተቆረጠ ብስኩት። እየደረደረች በስልኳ ፎቶ ታነሣለች፤ አንዷን እንጆሪ ወደ ግራ ታስጠጋና እንደገና ታነሣለች።

«ለማን ነው?» አልኳት።

«ትእዛዝ ነው አባዬ። የፍቅረኞች ቀን አይደል?»

ትእዛዝ። ለደንበኛ የምትልከውን በካርቶን አድርጋ እንደምትልክ አውቃለሁ። ለትእዛዝ ብላ የቤታችንን ገበታ አጥባ አታውቅም። ፀጉሯንም ትናንት ተሠርታለች። ያንን ተውኩና አርብ ስለሆነ ክሬም በአርብ ምን ይሠራል ብዬ አጉረመረምኩ። ሁሉም የጾም ነው አለችኝ። ይህንንም አላመንኩም። በእኛ ጊዜ የጾም ምግብ ጉሮሮ ይቧጥጥ ነበር፤ አሁን እንደ ቅቤ የሚለሰልስ ነገር አምጥተው ጾም ነው ይሉሃል። እግዜርም እንደኔ ተጠራጣሪ ከሆነ ጉዳቸው ነው።

ሚስቴ ታደለች በሩን ተደግፋ ገበታውን እያየች ፈገግ አለች። እኔ ፈገግ አላልኩም። በዚያ ገበታ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣፋጭ የተደረደረበትን ቀን ሁለታችንም እናውቀዋለን። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነው የኖርኩት። ይህች ሴት ወዳኝ ነው ያገባችኝ ወይስ የሆነ ነገር አብልተናት? አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም። መልሱን ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ያኔ የምሠራው አጠና ተራ ነበር። ከጎጃም የመጣሁት ፊደል ሳልቆጥር ነው። ማንበብ የተማርኩት ካገባሁ በኋላ፣ ጢሜን አሳድጌ፣ የማታ ትምህርት ገብቼ ነው፤ ስለዚህ አጻጻፌ ቢጎረብጣችሁ ዘግይቶ የመጣ ሰው ነው በሉ። ቀን ባሕር ዛፍ እልጣለሁ፣ እሸከማለሁ። ሥራ ሲቀዘቅዝ አጠገባችን ያለው የእንጨት ሥራ ቤት ገብቼ መላጊያ መያዝ እለማመዳለሁ። የኮልፌን የካቲት የሚያውቅ ያውቀዋል። ነፋሱ አቧራውንና የልጣጩን ሽታ አንድ ላይ ጠቅልሎ ፊትህ ላይ ይደፋዋል። የምትጎርሰው ሽሮ ሳይቀር ጥርስህ መሐል ይንኮሻኮሻል።

የታደለች አባት ጋሽ ወልዴ ኮልፌ ገበያ ውስጥ የቤት ዕቃ ሱቅ ነበራቸው። ከጉራጌ አገር ገና በልጅነታቸው መጥተው ከተማውን ከተማ ሲሆን ያዩ ሰው ናቸው። ቤተሰቡ ጴንጤ ነው፤ ረቡዕና አርብ አይጾሙም። ሱቁ ውስጥ የምታገለግለው ታደለች ነበረች። እኔ የማያስፈልገኝን ጆግ ገዛሁ፤ ቀጥዬ የማያስፈልገኝን ባልዲ ገዛሁ። ሦስተኛ ስመጣ «ቤትህ ዕቃ ቤት ሆነ ወይስ ቤት የለህም?» አለችኝ። ቤት አልነበረኝም፤ ከጓደኛዬ ከሽብሩ ጋር ነበር የምኖረው። ከዚያ ሱቁ ሲዘጋ እስከ ፌርማታው አብሬያት መሄድ ጀመርኩ። የወደደችኝ ይመስለኝ ነበር። ግን ሰው ወደደኝ ብሎ ማመን ለእኔ ቀላል ነገር አይደለም። ምን ፈልጋ ነው እላለሁ። ልጣጭ ልጣጭ የሚሸት ሰው ምኑ ይፈለጋል?

በመሐል ወሬ መጣ። መርካቶ ትልቅ ሱቅ ያለው የአባቷ ወዳጅ ለልጁ ሽማግሌ ሊልክ ነው ተባለ። ወሬውን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ ነግራኝ ፊቴን ታይ ጀመር። ምን ልበላት? እኔ ሽማግሌ የምለው ሰው ከተማው ውስጥ አልነበረኝም። ያለ ሽማግሌ ደግሞ የሰው ልጅ አይጠየቅም።

ሽብሩ ኬክ ቤት ውስጥ ሊጥ ያቦካ ነበር። ቀልደኛ ነው። ሎተሪ ሲገዛ ቁጥሩን እንዲመርጥለት አዋቂ ቤት የሚሄድ ሰው ነበር፤ ይህን እወቁልኝ። ችግሬን ስነግረው የፈረንጅ በዓል ደርሷል አለኝ። የፍቅረኞች ቀን ነው፣ በዚያን ቀን ሰው የወደዳት ቤት ጣፋጭ ይዞ ቢሄድ ነውር የለውም፣ ሽማግሌም አያስፈልገውም አለ። የማን ቅዱስ መታሰቢያ ነው ብዬ ጠየቅኩት፤ ይጾማል ወይስ ይበላበታል አልኩት።

«በዓል ነው አልኩህ እንጂ ተዝካር ነው አልኩህ?» አለኝ። «አንተ ገበታውን ሥራ፣ የላዩን ለእኔ ተወው።»

ሠራሁት። እንጨት ሥራ ቤቱ ውስጥ የወደቀ የዋንዛ ቁራጭ ነበር፤ ለምኜ ወሰድኩት። ላግኩት፣ ጠርዙን አከበብኩት፣ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግኩት፣ የኑግ ዘይት አጠጣሁት። እጄን ሳሳልፍበት እንደ ሕፃን ጉንጭ ሆነልኝ። ያንን ያህል የለፋሁበት ሥራ ከዚያ በፊት አልነበረኝም።

ለጣፋጩ ቅቤ ያስፈልጋል አለ ሽብሩ። የኬክ ቤቱን ቅቤ ባለቤቱ በዓይኑ ነው የሚጠብቀው። እኔ ደግሞ አክስቴ ከአገር ቤት የላከችልኝ ቅቤ ነበረኝ፤ ራሷ ያነጠረችው፣ በበሶብላውና በጥቁር አዝሙዱ ክፍሉን የሚሞላ። ከእሱ የሚበልጥ ነገር ዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። ሽብሩ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተና ይሄ ለዶሮ ነው የሚሆነው አለኝ። ተቆጣሁ። የአክስቴን ቅቤ ንቀህ ነው አልኩት። ትከሻውን ነቅንቆ ተቀበለኝ።

ማክሰኞ ከሰዓት ኬክ ቤቱ ጭር ሲል ምድጃውን ተጠቅሞ ሠራው። እኔን አስወጣኝ፤ የሰው ዓይን ሊጥ ያበላሻል አለ። በበሩ ስንጥቅ አየሁት። ከደረት ኪሱ የታጠፈች ወረቀት አወጣ፣ ፈታት፣ የሆነ ነጭ ዱቄት ሊጡ ላይ በተነ። ሲወጣ ምንድን ነው አልኩት፤ ቫኒላ ነው አለኝ። ቫኒላ የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም። ደግሞም ቫኒላ ከመደርደሪያ እንጂ ከደረት ኪስ ለምን ይወጣል?

«ይሄን ከበላች ያንተ ናት» አለና ሳቀ።

ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ።

በማግሥቱ ገበታውን ደረደርነው። እንጆሪ ያኔ እኛ ሠፈር አይታወቅም። ሽብሩ ቀይ ነገር ግዴታ ነው ብሎ ፈንዲሻ በቀይ ቀለም ነክሮ ዙሪያውን ከመረው። መሐሉ ላይ ኮኮናት የተነሰነሰባቸው የቸኮላት ኳሶች፣ ማርማላታ የተቀባ ብስኩት፣ ለውዝ፣ በወረቀቱ የተጠቀለለ ከረሜላ። ያምር ነበር፤ መቼም አልዋሽም። ግን ረቡዕ ነበር። አንዱንም አልቀመስኩትም። ነጭ ጨርቅ አልብሼ ታክሲ ውስጥ ስገባ ረዳቱ «ጀለስ፣ እሱ ወንበር ይከፈልበታል ወይስ ትታቀፈዋለህ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ታቀፍኩት።

በሩን የከፈቱልኝ እናቷ እትዬ ብርነሽ ናቸው። ጋሽ ወልዴ ለምሳ ገብተው ነበር። ለበዓሉ ይዤ የመጣሁት ነው አልኩ። የምን በዓል? የፍቅረኞች ቀን። ሁለቱ ተያዩ። ግባ አሉኝ፤ እንግዳ ከደጅ አይመለስም። ገበታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ጨርቁን ገለጥኩ። እትዬ ብርነሽ ጎንበስ ብለው አሸተቱና ቀስ ብለው ቀና አሉ።

«ይሄ ቅጠል ቅጠል የሚለው ምንድን ነው?»

እንጃ አልኩ፤ ሐሳቤ የሽብሩ ወረቀት ላይ ነበር። ጓደኛዬ ነው የሠራው አልኩ። አገርህ ወዴት ነው አሉኝ፤ ጎጃም አልኳቸው። ለባላቸው በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገሩ። ቋንቋውን አልሰማም፤ ግን ጎጃም የሚለው ቃል ሁለት ጊዜ ሲያልፍ ሰማሁት። የቀረውን ሳልሰማ አወቅኩት። ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ ነው የሚሉኝ። የአገሬ ሰው ሁሉ አስማት ደጋሚ ነው የሚል ሰው በየሄድኩበት አጋጥሞኛል። ስሜን እንኳ መጻፍ የማልችል ሰው በምን አንብቤ ልድገመው?

«ልጄ፣ ልማዱን ታውቃለህ» አሉኝ እትዬ ብርነሽ። «ያመጣ ቀድሞ ይቀምሳል።»

አውቃለሁ። በእኛም አገር ጠላ የሚቀዳ ሰው በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። ረቡዕ ነው፣ ጾመኛ ነኝ አልኳቸው።

ጋሽ ወልዴ ከወንበራቸው ወደ ፊት ዘንበል አሉ። «አንተ የማትቀምሰውን ነው ለእኔ ልጅ ያመጣኸው?» አሉ።

አንዲት ጉርሻ ብቻ ነበረች። በልቼ፣ ንስሐ ገብቼ፣ ልጅቷን ላገኝ እችል ነበር። ግን እናቴ ስትሸኘኝ የምትሰጠኝ ስንቅ አልነበራትም፤ ረቡዕና አርብን እንዳትሽር ብላ ብቻ ነው የሸኘችኝ። ከእሷ የቀረኝ እሱ ነው። ደግሞ እውነቱን ልናገር፣ የያዘኝ ጾሙ ብቻ አልነበረም። የሽብሩን ወረቀት እኔም ፈርቼዋለሁ። እጆቼን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ከፈንዲሻው አንዷ ተንከባላ መሬት ወደቀች፤ ማንም አላነሣትም።

ያኔ ታደለች ከጓዳ ወጣች። ስትሰማን ነበር። ማንንም ሳታይ ከቸኮላት ኳሶቹ አንዷን አነሣችና ጎረሰች። አኘከች። ሁለተኛዋን አነሣችና ጎረሰች። ፊቷ ላይ ምንም አልነበረም። ከዚያ አንገቷን ነቅንቃ፣ አፏ ሙሉ እንደሆነ፣ ወደ ማጀት ሮጥ ብላ ገባች። እትዬ ብርነሽ ራሳቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ። ጋሽ ወልዴ ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ። ገበታዬን እዚያው ትቼ ወጣሁ።

የመርካቶው ሰው ሽማግሌዎች መጡ፤ ታደለች እምቢ አለች። ቤተ ክርስቲያናቸው ወስደው አስጸለዩላት፤ ተጸልዮላት ተመለሰችና እምቢ አለች። ውሎ አድሮ ከዕድሬ ሁለት ሽማግሌ አግኝቼ ላክሁ፤ ብዙ ተመላልሰው ጉዳዩ አለቀ። ሠርጋችን ላይ ሽብሩ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «በእኔ እጅ ነው ያገኘሃት፣ እንዳትረሳ» አለኝ። ምን ማለትህ ነው ልለው ፈልጌ ሳልለው ቀረሁ። አሁን አፈር ቀምሷል፤ መልሱን ይዞት ሄደ። አማቴ እትዬ ብርነሽ ግን አሉ፤ ቤቴ ሲመጡ እኔ ሳልቀምስ ውኃ እንኳ አይጠጡም። ከታደለች ጋር ተጣልተን ወደ እሳቸው ሄዳ በማግሥቱ ስትመለስ፣ መድኃኒቱ ነው የሚጎትታት ይላሉ። እኔም ሌሊት አጠገቤ ተኝታ ሳያት እሳቸውን አምኜ አውቃለሁ። መድኃኒቱ የሚያልቅበት ቀን ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ነው ያረጀሁት።

ዛሬ ሜሮን ልብስ ልትቀይር ስትገባ ከታደለች ጋር ብቻችንን ቀረን። ገበታው መሐላችን ነው። ከአፌ አመለጠኝ።

«ያን ቀን የበላሽው ነገር፣ ምን ምን ይል ነበር?»

መጀመሪያ አልገባትም። ሲገባት መሳቅ ጀመረች፤ ስቃ ስቃ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ዶሮ ወጥ» አለችኝ። «ቸኮላት የተቀባ ዶሮ ወጥ። ደግሞስ መቼ በላሁት? ሁለቱንም ጉንጬ ውስጥ ይዤ ማጀት ገብቼ ተፋኋቸው። ለምን ሮጬ የገባሁ መሰለህ?»

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ሰው ግን ረጅም ዘመን የተደገፈበትን ግድግዳ ድንገት ሲያነሡበት ይንገዳገዳል። መድኃኒት ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ምክንያቱን አውቀው ነበር።

«ታዲያ ለምን አገባሽኝ?»

ሳቋን ተወች። ሁለት ብስኩት ወደ ጎን ገፋ አድርጋ የገበታውን ጠርዝ በአውራ ጣቷ አሻሸችው።

«ጣፋጩን ለውሻ ደፉት። ውሻውም አልበላውም። ገበታውን አባባ ሊፈልጠው ሲል ቀምቼ አልጋዬ ሥር ደበቅኩት። ማታ አውጥቼ ገልብጬ አየሁት፤ ሥሩንም ልገኸዋል። ማንም በማያየው በኩል።» ብስኩቶቹን ወደ ቦታቸው መለሰች። «እንዲህ የሚሠራ ሰው መርዝ ያበላኛል? አንተ ሰው፣ እስከ ዛሬ ይሄን ነበር የምታስበው?»

ሜሮን አዲስ ቀሚስ ለብሳ ወጣች፤ ለትእዛዝ ማስረከቢያ ማለት ነው። በሩ ተንኳኳ። የከፈትኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀጫጫ ልጅ ቆሟል፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎታል። ጤና ይስጥልኝ አባባ አለኝ፤ ጎንበስ ማለቱ ከልክ አለፈ፤ አልወደድኩትም። አስገብቼ ገበታው ፊት አቆምኩትና ቅመስ አልኩት። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ ምን እንዳለበት አንድም ነገር ሳይጠይቅ ትልቁን እንጆሪ አንሥቶ ዋጠ። ሌላ ልድገም ወይ አለኝ።

ሳይጠረጥር የሚበላ ሰው አላምንም። ግን እኔ የማምነው ሰው ማን አለና? ከጎኔ የምትተኛውን ለማመን እንኳ ይህን ሁሉ ዘመን ፈጅቶብኛል፤ ያንንም ነገ ጠዋት ምን እንደምለው አላውቅም።

ገበታውን በነጭ ጨርቅ ሸፍኜ አስታቀፍኩት። ከመውጣቱ በፊት ገበታው የቤታችን እንደሆነ፣ መልሶ ማምጣት እንዳለበት ነገርኩት።

«እሺ አባባ» አለኝ።

«ባዶውን እንዳታመጣው» አልኩት። ታደለች ከኋላዬ ስትስቅ ሰማኋት።