ብልቃጧ እንዴት አደረች?

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሚስጥር የሚባል ነገር የለም። በተለይ ዓለም ባንክ ሰፈር፣ በተለይ የእኛ ብሎክ ደረጃ ላይ። አራተኛ ፎቅ ያለ ሰው ቢያስነጥስ ምድር ቤት ያለው "ይማርህ" ይላል። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ በየጠዋቱ በሯን ገርበብ አድርጋ ትጠብቀኝና "እንዴት አደረች?" ትለኛለች። እኔም "ደህና ናት፣ እግዚአብሔር ይመስገን" እላትና ወደ ታክሲ እሮጣለሁ። እንዲህ ስንባባል ከረምን።

የምትጠይቀኝ ስለ አንዲት ብልቃጥ ነበር። የትንሽ ጣት ቁመት ያላት፣ ሰማያዊ ክዳን የደፋች የፕላስቲክ ብልቃጥ። ውስጧ የጎረቤቴ የሞተች ልጅ ደም ነበር።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ዘነበወርቅ አካባቢ ባለ አንድ የምርምር ቤተ ሙከራ ውስጥ ናሙና አስቀማጭ ነኝ። ሥራዬ ምን እንደሆነ ለሚጠይቀኝ ሰው "ፍሪጅ እጠብቃለሁ" እላለሁ፤ ውሸት አይደለም። ፍሪጁ ግን ሥጋና ቲማቲም የሚገባበት ዓይነት አይደለም። ቁም ሣጥን የሚያክል፣ ከዜሮ በታች ሰማንያ ዲግሪ የሚወርድ፣ ቀኑን ሙሉ ዳገት ላይ እንዳለ አይሱዙ የሚያጉረመርም ፍሪዘር ነው። ከሕሙማን የተቀዳ ደም በየብልቃጡ ተደርድሮ እዚያ ይተኛል። ዛሬ ያልገባን በሽታ ነገ አዲስ ምርመራ ሲመጣ ይገባናል ብለን ነው የምናስቀምጠው። ታዲያ ቅዝቃዜው መቋረጥ የለበትም። ሲቀልጥና ሲረጋ የሰነበተ ደም ለምርመራ አይሆንም።

ጎረቤቴ አየር ጤና ሰፈር የፕላስቲክ ዕቃ ትነግዳለች፤ ባልዲ፣ ጆግ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን። ደንበኛ ሲከራከራት ምላሷ አይጣል ነው፤ ውኃ በጠፋ ቀን ግን መጀመሪያ የእኔን ጀሪካን የምትሞላው እሷ ናት። የመጀመሪያ ልጇን የወለደች ጊዜ ብሎኩ በሙሉ እልል አለ። ልጅቷ ወር ሳይሞላት ቢጫ ሆነች፣ የጠባችውን ሁሉ ታስመልስ ጀመር፣ ሆዷም ተነፋ። ሐኪሞቹ ምን እንደሆነ ሳይደርሱበት አረፈች። በሕይወት ሳለች ደሟ ለምርምር እንዲቀመጥ እናትና አባት ፈቅደው ነበርና የቀዳኋት እኔ ነኝ። በእኛ ሕግ ብልቃጥ ላይ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው። እኔ ግን ያቺን ቁጥር የራሴን ስልክ ያህል አውቃታለሁ።

ከዚያ ጎረቤቴ እንደገና አረገዘች። ደስታዋን ከማውራቷ በፊት እኔ ቤት መጥታ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና "ያቺን የገደለ ነገር ይሄንንም ይነካብኝ ይሆን?" አለችኝ። ጥያቄዋን ለቤተ ሙከራው ኃላፊ፣ ለዶክተራችን አደረስኩላት። እሳቸውም መመርመሪያው ከውጭ ታዝዞ በመምጣት ላይ መሆኑን፣ በዘር የሚወርድ ነገር ከሆነ ከዚያች ብልቃጥ ሊታወቅ እንደሚችል ነገሩን። እስከዚያ ድረስ ደሟ እንደቀዘቀዘች መቆየት ነበረባት። ሌላ ደም ከየት ይመጣል? የሞተ ሰው ሁለተኛ አይቀዳም።

"እንዴት አደረች?" የተጀመረው በዚያው ሰሞን ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በሬ ተንኳኳ። ብከፍት የብሎካችን ሴቶች፣ ነጠላ የለበሰችውም ሂጃብ ያደረገችውም፣ ደረጃውን ሞልተውታል። አንዷ ብርቱካን ይዛለች፣ አንዷ ሙዝ፣ አንዷ የአጃ ዱቄት።

"በሽተኛዋ ወዴት ናት?" አሉኝ የእድራችን ሰብሳቢ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

"የምን በሽተኛ፣ እማማ?"

"ኧረ ተይ ልጄ! በየጠዋቱ እንዴት አደረች ስትባዪ እንሰማ የለም እንዴ? ብቻሽን ታስታምሚያለሽ? ጎረቤት ለመቼ ነው?"

ይሄኔ ባሌ በቁምጣ ከመኝታ ቤት ብቅ አለ። ሁሉም በሽተኛው እሱ ይሆን እንዴ በሚል ዓይን ከላይ እስከ ታች አዩት። የጎረቤቴን ኀዘን ደረጃ ላይ ልዘራው አልፈለግሁም። "ሐኪሞች ጋ ናት፤ ሰው አያስገቡም" አልኩ።

"እህል ትቀምሳለች?"

"ምንም።"

"ውይ በሞትኩት!" አሉና ከንፈራቸውን መጠጡ። ተቀምጠው፣ ምሕረት ለምነውላት፣ ስለ ውኃ መጥፋትም አንስተው ጥለው ሄዱ። ብርቱካኑን ባሌ በላው።

ችግሩ ሙዙ ሳያልቅ መጣ። አንድ ጠዋት ሥራ ገብቼ የፍሪዘሩን መስኮት ባየው ሰማንያ ማለት የነበረበት አምሳ ይላል። አምሳም ቢሆን ገና በረዶ ነው፤ ደሙ አልቀለጠም። ቢሆንም ዶክተርን ጠራኋቸው።

"ማን ነው የነካው?" አሉ።

"ኧረ ማንም አልነካውም፣ ዶክተር።"

"ካልተነካማ አይሞቅም!"

እውነታቸውን ነው። ማታ መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እኛ ግን ጄኔሬተር አለን፣ መብራት በሄደ በደቂቃ ውስጥ ራሱ ይነሳል። በሳምንቱ እንዲሁ ሆነ፤ አሁን ይባስ ብሎ አርባ አለ። ዶክተር መነጽራቸውን አውልቀው "አንድ ጊዜ ከደገመው በእነዚህ ናሙናዎች አንሠራም። የተበላሸ ደም የሚሰጠን የተበላሸ መልስ ነው። ኃላፊነቱ ደግሞ ያንቺ ነው" አሉኝ። ፈራሁ። ለእንጀራዬም ፈርቻለሁ፣ አልዋሽም። ከሁሉ የባሰብኝ ግን የጎረቤቴ ሆድ መግፋቱ ነበር። በማግስቱ ጠዋት "እንዴት አደረች?" ስትለኝ "ደህና ናት" ያልኩት ፊቷን ሳላይ ነው።

ለባሌ ነገርኩት። ባሌ አየር ጤና የሞባይል ጥገና ሱቅ አለው። ሱቅ አልኩት እንጂ አንድ ወንበርና አንድ ባል የሚይዝ ሳጥን ነው። የሞተ ስልክ ሆድ ከፍቶ ያስነሳል፤ አልነሳ ያለውን ደግሞ አይጥልም፣ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ይቀብረዋል። ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያ የሚከፍት ሰው እኛ ቤት መቃብር ነው የሚያገኘው። ባሌ ችግሬን ሲሰማ ዓይኑ በራ። ሚስቱ ልታለቅስ ደርሳ እሱ ደስ አለው!

ሁለት ቀን አጎንብሶ አንድ ፈጠራ ይዞልኝ መጣ። የብስኩት ቆርቆሮ ነው። ከቆርቆሮው ቀጭን ሽቦ ይወጣል፤ የሽቦው ጫፍ ፍሪዘሩ ውስጥ ገብቶ በየደቂቃው ቅዝቃዜውን ይለካል፣ ቆርቆሮው ደግሞ ያስታውሳል። ወስጄ ሰካሁት። ከቀናት በኋላ ማታ መብራት ሄደ፤ ጠዋት ስገባ ፍሪዘሩ እንደለመደው ሞቆ ጠበቀኝ። ዶክተር ከማየታቸው በፊት መልሶ ቀዘቀዘ እንጂ ጉድ ፈልቶ ነበር። ማታ ቆርቆሮዬን ነቅዬ፣ በቦርሳዬ ከትቼ፣ ዋንጫ እንደያዘ ሰው ታክሲ ውስጥ አቅፌው ወደ ቤት መጣሁ። ባሌ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክቶ አየው። ባዶ ነው።

"ነቅለሽ ነው ያመጣሽው?" አለኝ።

"ታዲያ ፍሪዘሩን ተሸክሜልህ ልምጣ?"

ራሱን ያዘ። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ሜሞሪ ሁለት ዓይነት ነው አለኝ። አንደኛው መብራት እየበላ ነው የሚያስታውሰው፤ መብራት ሲያጣ ሁሉን ይረሳል። ሌላኛው አንዴ ከያዘ ያዘ ነው፤ ስልኩ ቢሞት፣ ቢቀበር፣ ዓመት መሳቢያ ውስጥ ቢቀመጥ አይለቅም።

"እንደ እናትህ ማለት ነው" አልኩት።

"እናቴን ተያት" አለኝ፤ ሳቁን ግን መቆጣጠር አቃተው። እናቱ በሠርጋችን ቀን ወጡ ጨው አንሶታል ያለችውን የአክስቴን ልጅ እስከ ዛሬ ሰላም አይሉም።

ባሌ ያስገባው የመጀመሪያውን ዓይነት ነበር፤ ፈጠራው ታክሲ ውስጥ ሁሉን ረስቶ ነው የደረሰው። ወዲያው መሳቢያውን ከፈተና ከአንድ የሞተ ስልክ ላይ ጥፍር የምታክል ጥቁር ሜሞሪ ነቀለ። በሙቅ አየር እያላቀቀ፣ በማጉያ መነጽር እያየ፣ የማይረሳውን ሜሞሪ ቆርቆሮው ውስጥ በየደ። ለቆርቆሮው የራሱን ባትሪ ሰጠው። እኔም መልሼ ሰካሁት።

ክረምት ስለሆነ መብራቱ ብዙ አላስጠበቀንም። በሚቀጥለው መጥፋት ቆርቆሮው ሁሉንም ነገር ይዞ መጣ። ፍሪዘሩ አመሻሹ ላይ መሞቅ ጀምሯል፣ ሳያቋርጥ እስከ ጠዋት ሞቋል፣ እኔ ከመግባቴ ትንሽ ቀደም ብሎ መቀዝቀዝ ጀምሯል። ባሌ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ "ይሄ የመብራት ሥራ አይደለም" አለ። "ሰው ነው። ማታ የሚነቅል፣ ጠዋት የሚሰካ ሰው።"

 የዚያ ክፍል ቁልፍ ያለው ሁለት ሰው ጋ ነው፤ አንዷ እኔ ነኝ።

በማግስቱ ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚስተካከል ነገር አለኝ ብዬ ቆየሁ። ደመናው ከወጨጫ ተራራ በኩል ጠቁሮ መጣ፣ ነጎደ፣ መብራቱም እንደታዘዘ ጠፋ። ዶክተር ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ከቢሯቸው ወጡ። የኮምፒውተሩን ሶኬት ነቀሉ። የውኃ ማፍያውን ነቀሉ። ማይክሮስኮፑን ነቀሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ዓይኔ እያየ፣ ፍሪዘሩን ነቀሉት።

"ዶክተር! ምን እያደረጉ ነው?"

"እንዴ፣ መብራት ሄደ እኮ" አሉ ጥያቄዬ ገርሟቸው። "ሲመለስ በኃይል ነው የሚመጣው። ያቃጥለዋል።"

"ጄኔሬተሩስ?"

"እሱን ደግሞ ማን ያምነዋል? እሱም ኃይሉ ይዘላል።"

"ታዲያ ማን ነካው እያሉ ሲቆጡኝ የነበረው?"

ቆም ብለው አሰቡ። "መንቀል መንካት ነው እንዴ?" አሉኝ፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ።

በዚህ እንኳ ልፈርድባቸው አልችልም። እዚህ አገር መብራት ሲሄድ ከሻማ በፊት የሚፈለገው የፍሪጅ ሶኬት ነው። መብራት ሲመጣ ብሎካችን በአንድ ድምፅ "መጣ!" ይላል፤ እስኪረጋ ድረስ ግን ማንም አይሰካም። የዶክተር ቤት ፍሪጅ በአንድ መምጣት ተቃጥሎባቸዋል። ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ልማድ ነው፤ ዲግሪ በላዩ ላይ ተደራረበበት እንጂ አልነቀለውም። ጠዋት ከእኔ ቀድመው እየገቡ ይሰኩት ነበር፤ ካልተከፈተ እስከዚያ ቅዝቃዜውን ይይዛል ብለውም ያምኑ ነበር። አዲስ ሳለ ይይዝ ነበር፤ አሁን የበሩ ጎማ አርጅቷል።

ይሄን ሁሉ ያሰብኩት ኋላ ነው። ያኔ ተናደድኩ። በጣም ተናደድኩ። "እዚያ ውስጥ እኮ ልጅ አለች!" ብዬ ጮህኩባቸው፤ በሕይወቴ አለቃ ላይ ጮኼ አላውቅም። ዶክተር ሶኬቱን በእጃቸው እንደያዙ ቀሩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው መልሰው ሰኩት። "ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ" አሉኝ።

ባሌ አንድ ነገር ጨመረበት፤ መብራት ሲመለስ ራሱ ጠብቆ፣ ሲረጋ ብቻ ወደ ፍሪዘሩ የሚያሳልፍ የኤሌክትሪክ ሰሌዳ። ዶክተር ደግሞ ሶኬቱን በፕላስተር ጠቅልለው በትልቁ "አይነቀልም" ብለው ጻፉበት። የበሩ ጎማም ተቀየረ።

መመርመሪያው መጣ፤ ብልቃጧ ተከፈተች፤ ደሟም መልስ ሰጠች። ዶክተር ጎረቤቴንና ባሏን አስቀምጠው ቀስ ብለው ነገሯቸው። የልጅቷ ጉበት በወተት ውስጥ ያለውን ስኳር መጠቀም የማይችል ነበር። ከሁለቱም ወላጆች በዘር የሚመጣ ነው፤ ከመጀመሪያው ቀን ከታወቀ ግን ሌላ ዓይነት ምግብ እየተሰጠ ሕፃኑ ያድጋል። የሚቀጥለው ልጅ ሊይዘውም ላይይዘውም ይችላል፤ እንደተወለደ ይመረመራል።

ጎረቤቴ እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ "ባስመለሰች ቁጥር እኮ ደግሜ አጠባት ነበር" አለች።  እጇን ብቻ ያዝኩ።

ወንድ ልጅ ወለደች። በተወለደበት ቀን ተመረመረ፤ ነጻ ነው። ዜናውን ስነግራት "አልሃምዱሊላህ" ብላ አለቀሰች፣ እኔም አለቀስኩ፣ ባሌም ማንም ሳይደውልለት ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ውጭ ወጣ። ልጁ ሲጠባ ድምፁ ሦስተኛ ፎቅ ይሰማል።

አንድ ነገር ቀርቶን ነበር። ከምርመራው ጥቂት ደም ተርፏል፤ ለሌላ ምርምር ይቆይ ወይስ ይወገድ የሚለውን የሚወስኑት ወላጆች ናቸው። ይህን ልጠይቃት ስወርድ ይቆይልኝ እንደምትል እርግጠኛ ነበርኩ። ከልጅቷ የቀራት እኮ እሱ ብቻ ነው። ልጁን እያጠባች ነበር የጠየቅኋት።

 የልጁ እግር ከብርድ ልብሱ ወጥቶ ነበርና ስባ አለበሰችው።

"ብዙ ቆየች" አለችኝ። "ወንድሟን አድናለች፤ አሁን ይበቃታል። ልጄን ከብርድ አውጪልኝ።"

በማግስቱ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ገብቼ አወጣኋት።